ጎታው ላይ የተለጠፈው ግስ

በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው። የዓባይን በረሃ ወጥቼ፣ ደጀንን፣ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፌ፣ አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ሲያንገላታኝ ውሎ ፍኖተ ሰላም እህቴ ቤት ገባሁ። ውሃ ልጠጣ ወደ ጓዳ ብዘልቅ፣ እናቴ በእጃቸው ጭቃ ከጭድ አቡክተው የሠሩት ጎታ ሆዱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት ቆሟል። ከላይ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ከሥሩ በእኛ ፊደል «ዲቫወር»፣ ከዚያ ሥር ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ «ሰለቀጠ» ይላል።

ዞር ስል በሩ ላይ «ኢንትሩድ»፣ መስተዋቱ ላይ «አድማየር»፣ መጥረጊያው እጀታ ላይ በክር የተንጠለጠለ «ኢራዲኬት»። ወደ ጓሮ ወጣሁ። የሽንት ቤቱ በር ላይ «ሪሊንክዊሽ — ለቀቀ፣ ተወ»። ለዚህ ቃል ከዚህ የተሻለ ቦታ በእውነት አይገኝም።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?» አልሁ።

«የዚያ ልጅ ሥራ ነዋ!» አሉ እናቴ። ቆብ ከደፉ ጀምሮ ቤተሰቡ ሁሉ እማሆይ ነው የሚላቸው፤ እኔም ለምጄዋለሁ። «ቤቱን ክታብ በክታብ አደረገው። ደብተራ የገባበት ቤት መሰለ። እኔማ ሌሊት ስነሳ እያማተብሁ ነው የማልፈው።»

ያ ልጅ የእህቴ ልጅ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ። እንዲህ ያደረገው አለምክንያት አይደለም። ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ጥር ላይ፣ የቀደሙት ተፈታኞች ውጤት ወጥቶ ነበር። ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተፈተኑበት የመጀመሪያው ዓመት ነው፤ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው ተባለ። ከመቶ ልጅ ሦስት እና ትንሽ። እማሆይ ይህን ሲሰሙ «ትንሿ ማን ናት?» ብለው ጠየቁ ይባላል። ልጁ ግን አልሳቀም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም የሚወድቅብኝ በቃል ነው ብሎ ቆረጠ። «አድቫንስድ ቨርብ» የሚል ርዕስ ያለው ደብተር ከፍቶ በቀን አሥር አሥር ግስ ይሸመድድ ጀመር።

መሸምደዱን አልጠላሁትም። ያስቸገረኝ፣ የሸመደደውን ሁሉ በእኔ ላይ መለማመዱ ነው።

«ጋሼ፣ ጉዞው ኤግዞስት አደረገህ?»

ለአፍታ የመኪና ጭስ ማውጫ ነው የመጣብኝ። አውቶቡሳችን ደጀን ዳገት ላይ ያወጣውን ጥቁር ጭስ አስታውሼ «አዎ፣ በጣም» አልሁት። ተግባባን ማለት ነው።

ማታ እንጀራ በሽሮ ቀርቦ «እማሆይ፣ ሽሮውን አፕሪሺዬት አድርጌዋለሁ» አለ። እማሆይ እጃቸውን ከገበታው ሰብስበው ትክ ብለው አዩት። «ምን አደረግኸው?» «አፕሪሺዬት።» «ደፋኸው?»

እዚህ ላይ «አደረገ» የሚባለውን ግሳችንን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። አማርኛ ውስጥ እንደ እሱ ያለ እንግዳ ተቀባይ የለም። የውጭ ግስ በሩን ባንኳኳ ቁጥር «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ያስገባል፤ እግር ያጥባል፤ መደብ ያነጥፋል። ካንስል አደረገ፣ ኮንፈርም አደረገ፣ ቻርጅ አደረገ፣ ሚስ አደረገ። እንግዳው ጫማውን እንኳ አያወልቅም። አይረባም፣ አይዘጋጅም፣ ጾታና ቁጥር አያውቅም፤ ያንን ሁሉ አስተናጋጁ ነው የሚሸከምለት። አደረገች፣ አደረጉ፣ አስደረገ፣ ተደረገ፤ «ካንስል» እንደሆነ እንደ ሙሽራ ተጎልቶ ነው የሚውል።

እንደ እውነቱ ይህ ደግነት አዲስ አይደለም። «አለ» እና «አደረገ» ድሮም የራሳችንን ዘመዶች ሲያስጠጉ ነው የኖሩት። ብድግ አለ፣ ቁጭ አለ፣ ከች አለ፣ እልም አለ፣ ላፍ አደረገ፣ ወሸቅ አደረገ። «ላፍ» ብቻውን መንገድ ላይ ቢገኝ ማንም አያውቀውም፤ «አደረገ» ሲከተለው ግን ሥጋውም ድመቷም ሁለቱም ዓይንህ ላይ ይመጣሉ። እንግሊዝኛው የገባው እነ ላፍ በሠሩት ጎጆ ነው።

ከገቡት ሁሉ ግን እንደ «ካስኬድ» ያስመረረኝ የለም።

ከዓመታት በፊት እዚያው ምዕራብ ጎጃም በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ቢፒአርና ቢኤስሲ የተባሉት የአሠራር ማሻሻያዎች ቤታችን የገቡበት፣ ሥልጠናው የበዛበት፣ አበሉም እንደ አቅሚቲ የነበረበት ዘመን ነው። ያኔ እቅድ አይወርድም፤ ካስኬድ ይደረጋል። ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ካስኬድ ይደረጋል። እኔም ቃሉን ከአለቃዬ ተቀብዬ ለበታቼ ካስኬድ አደረግሁት። ትርጉሙን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ማንንም አልጠየቅሁም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? ሁላችንም ደጃዝማች ለመሆን ተናገርን።

አንድ ቀን ከላይ የመጣ ባለሙያ ተከትዬ ቆጋ ወረድሁ። ቆጋ ከመራዊ አጠገብ ያለው ግድብ ነው፤ 7 ሺህ ሄክታር ገደማ መሬት በመስኖ እንዲያጠጣ የተሠራ። አርሶ አደሮቹ ዋርካ ሥር ተሰብስበዋል፤ ስንዴው በጋ ለበጋ አረንጓዴ ሆኖ እስከ ዓይን መጨረሻ ተዘርግቷል። ባለሙያው ተነሣ።

«እንግዲህ እቅዱን እስከ ታች ካስኬድ አድርገን፣ ሪሶርስ ሞቢላይዝ አድርገን፣ ኮሚዩኒቲውን ኢምፓወር አድርገን፣ በየጊዜው ሞኒተርና ኢቫሉዌት እናደርጋለን።»

ጸጥ አለ። ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው የተከናነቡ አንድ አዛውንት ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ልጄ፣ ያልኸው ሁሉ መልካም ነው። ብቻ ውሃው መቼ ነው የሚለቀቅ?»

ባለሙያው «እሱንም ካስኬድ እናደርገዋለን» አለ።

«ተራው የማን ነው ማለቴ ነው። የእኔ ማሳ ከቦዩ ጫፍ ነው። ላይኞቹ ሲጠግቡ እኔ ዘንድ የሚደርስ እርጥብ ወሬ ነው።»

ማታ ቤቴ ገብቼ፣ አፍሬም ቢሆን፣ መዝገበ ቃላት ገለጥሁ። ካስኬድ ማለት ለካ ፏፏቴ ነው! ደረጃ በደረጃ ቁልቁል የሚወርድ ውሃ። ወይ ጎጃም! ስንቱ ፏፏቴ በሚያስተጋባበት አገር ተቀምጠን ፏፏቴን በእንግሊዝኛ ስንሰለጥንበት ኖረናል። የቆጋ ወንዝ ራሱ ግልገል ዓባይን ተቀላቅሎ ጣና ይገባል፤ ከጣና የወጣው ዓባይ ደግሞ ገደሉ ላይ ተወርውሮ ጢስ ይሆናል። ጢስ ዓባይ የተባለው ለዚሁ ነው። እቅዳችንም እንደዚያው። ከላይ ሲለቀቅ ወንዝ ነው፤ ቀበሌ ሲደርስ ጢስ። አዛውንቱ ደግሞ ከቦዩ ጫፍ ቆመው ጢሱን ሲሞቁ ከረሙ።

ያ «አደረገ» የሚባል ደግ ግስም ያን ቀን ነው ያጠራጠረኝ። «ካስኬድ አደረግን» ስንል ምን አደረግን? አደረግን እንላለን እንጂ ያደረግነው ነገር የለም። «ውሃ ለቀቅን» ብንል ኖሮ የታለ ውሃው እንባል ነበር።

በባዕድ ቃል መመጻደቅ የእኛ ትውልድ ብቻ አመል እንዳይመስላችሁ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት የሥልጣኔው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ እንግሊዝኛ ወንበሩን የነጠቀው ከጠላት ወረራ በኋላ ነው። በ1955 ዓ.ም. ትምህርት ዘመን ደግሞ ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ ፒስ ኮር አባላት መጥተው በየሁለተኛ ደረጃው ተበተኑ። እህቴ ሰፈር ቡና የሚጠጡ አንድ ጡረተኛ መምህር በእነሱ እጅ የተማሩ ናቸው። ጋዜጣ አያነቡም፤ «ፔሩዝ» ያደርጋሉ። መነጽራቸውን ረስተው የመጡ ዕለት ደግሞ ሳያነቡም ፔሩዝ ያደርጋሉ።

ፍኖተ ሰላምም ብትሆን ስሟ የመመጻደቂያ ቃል ነው፤ ግእዝ ነው፣ የሰላም መንገድ። ቀድሞ ውጀት ነበረች። ጃንሆይ ናቸው ፍኖተ ሰላም ያሏት። ለመሆኑ ከነዋሪው ስንቱ ነው «ፍኖት» ብሎ መንገድ የሚጠይቅ?

ብቻ ከገቡት ሁሉ አንዱን አደንቃለሁ። «ፊርማ» የጣልያን ቃል ነው። አባቶቻችን ግን ፊርማን «ፊርማ አደረገ» ብለው አልተዉትም። ያዙት፣ ልብሱን አስወለቁት፣ ነጠላ አለበሱት፦ ፈረመ፣ ይፈርማል፣ ተፈራረመ፣ አፈራረመ፣ አስፈረመ። ዛሬ «ፈረመ» ከጣልያን መጣ ብትለው የመንደር ዳኛ ይከስሃል። የእህቴ ልጅ ትውልድም አንዳንዴ ይሞክራታል። የስልኩን ፎቶ ሲያጠፋ «ደለትሁት» ሲል ሰምቼዋለሁ። ይቺን ወድጄለታለሁ።

በማግስቱ ቡሬ የአባቴን ወንድም ልንጠይቅ ሄድን። መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በቅኔ ቤት የጨረሱ። ቡሬ የነቀምቱ መንገድ ከዋናው የሚገነጠልባት ከተማ ናት፤ በዚያ ሰሞን ግን መንገዱን ሁሉ የሚያስረሳው በርበሬው ነው። በየግቢው ሰሌን ላይ ተሰጥቶ፣ ቀልቶ፣ ገና ከታክሲ ሳትወርድ ያስነጥስሃል። እኛም እያስነጠስን ገባን። መሪጌታ «ይማርህ» እያሉ ተቀበሉን።

ልጁ ደብተሩን ይዟል። ምን እንደሆነ ጠየቁት።

«ግስ ነው አባባ። የእንግሊዝኛ ግስ።»

ፊታቸው በራ። «ግስ ትማራለህ? ሰው አገኘሁ! እስቲ በልልኝ።»

ልጁ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ስሌይ፣ ስሉ፣ ስሌን» አለ።

«ምን ማለት ነው?»

«ገደለ።»

መሪጌታ ጭራቸውን ጭናቸው ላይ ጣሉት። «እነሱም ከመግደል ነው የሚጀምሩ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅኔ ቤት የገባ ልጅ መጀመሪያ ከሚያውቃቸው ነገሮች አንዱ ስምንቱ አርእስተ ግስ ናቸው፤ የቀረው የግእዝ ግስ ሁሉ እነሱን እየመሰለ ነው የሚረባ። ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማህረከ፣ ሴሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ። ገደለ፣ አመሰገነ፣ ለመነ፣ ባረከ፣ ማረከ፣ መገበ፣ ቻለ፣ ጻፈ ማለት ነው። መግደሉ መጀመሪያ፣ መጻፉ መጨረሻ፤ መመገቡ ስድስተኛ። አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ ከውሻ ጋር ሲታገል የዋለ የቆሎ ተማሪ ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ምራቁን ይውጥ እንደነበር ጥርጥር የለኝም።

«ሦስት ብቻ ነው መልኩ?» አሉ መሪጌታ።

«ሦስት ነው አባባ።»

«የእኛ እንኳ ቀተለ፣ ገደለ። ይቀትል፣ ይገድላል። ይቅትል፣ ይገድል ዘንድ። ይቅትል፣ ይግደል።» በጣታቸው ቆጠሩ። «ሦስተኛውና አራተኛው አንድ ይመስላል። አንድ አይደለም። ለዚህ ነው መምህር የሚያስፈልግ።» ቀጥለው ደግሞ «ስንቱን ይዘሃል?»

«አራት መቶ ያህል።»

«በቃልህ?»

«በወረቀት ነው። ቤት ውስጥ ለጥፌዋለሁ።»

መሪጌታ ዝም አሉ። እሳቸው ግስ የተማሩት በዋሸራ ቅኔ ቤት ነው፤ ማታ ማታ፣ መብራት በሌለበት፣ መምህሩ ጨለማ ውስጥ እየነገሯቸው። መቅጃ የላቸው፣ መለጠፊያ ግድግዳ የላቸው። ጎጇቸው ራሱ ሳር ነበር። ኋላ ላይ ለስለስ ብለው «ወረቀቱ ቢጠፋስ ልጄ?» አሉት። ልጁ «ፎቶ አንስቼዋለሁ» አለና ስልኩን አሳያቸው። መሪጌታ ስልኩን አገላብጠው አዩት፣ መለሱለት፣ ወደ በርበሬያቸው ዞሩ።

ከቡሬ እንደተመለስን ማታ ጓሮ ተቀመጥን። ልጁ አሁን እኔን ያዘ።

«ጋሼ፣ ትረጅ ማለት ምንድን ነው?»

«መሄድ።»

«ስትሮልስ?»

«እሱም መሄድ ነው።»

«ስትረት? ስኒክ? ስታገር? ስከሪ?»

እኔ አዲስ አበባ ብዙ ዓመት የኖርሁ ሰው ነኝ። ሠላሳ ቀን ሙሉ በ«ሄደ» እና «መጣ» ብቻ ስኖር ማንም አስቁሞኝ አያውቅም። «ሁሉም መሄድ ነው» አልሁት።

«እንግሊዞች ለአንድ መሄድ ስድስት ቃል አላቸው፤ እኛ አንድ!» አለና ደብተሩን ዘጋ። እኔም እንደ አጎት ማዘን ጀምሬ ነበር።

እማሆይ ምስር ይለቅማሉ። ራሳቸውን ሳያነሡ «እንዴት ነው የሚሄደው ሰውዬው?» አሉ።

«የቱ ሰውዬ?»

«ያ መጀመሪያ ያልኸው። እስቲ ሄደህ አሳየኝ።»

ልጁ ተነሣና እግሩን እየጎተተ፣ ጭቃ ውስጥ እንደገባ ሰው በግቢው አለፈ።

«ዳከረ» አሉ እማሆይ። «ቀጥል።»

እጁን ከኋላ አጣምሮ፣ ሰማዩን እያየ ዞር ዞር አለ። «ተንሸራሸረ።»

ደረቱን ነፍቶ፣ ጋቢ እንደለበሰ ባለጠጋ ትከሻውን እያወዛወዘ መጣ። «ተጎማለለ። የእድራችን ዳኛ አካሄድ ነው። ቀጥል።»

ጎንበስ ብሎ በግድግዳው ጥግ፣ በእግር ጣቱ። «ሹልክ አለ። አንተ የጠላውን ዝክር ትተህ የወጣህ ለታ እንዲያ ነው የሄድኸው፤ አላየሁህም መሰለህ?»

ልጁ ሳቁ መጣ፤ ቢሆንም ቀጠለ። ወዲያና ወዲህ ተወላገደ። «ተንገዳገደ። ከአረቄ ቤት የወጣ።» በትንንሽ እርምጃ ፈጠን ፈጠን አለ። «ኩስ ኩስ አለ። ይኼ የልጅ ወይም የዶሮ ነው፤ ትልቅ ሰው ኩስ ኩስ ሲል ካየህ ቤቱ እሳት ተነሥቷል።»

ስድስቱ አለቁ። እማሆይ ግን አላለቁም፤ የምስሩን ሰፌድ አስቀምጠው ራሳቸው ጀመሩ። ቀስ ብሎ የሄደ አዘገመ ነው። ቸኩሎ ሌት ተቀን የሄደ ገሰገሰ ነው። ደንግጦ የሮጠ ፈረጠጠ። ሥራ ፈቶ የዞረ ተንቀዋለለ። ተናድዶ ቤት ውስጥ ወዲህ ወዲያ ያለ ተንጎራደደ። እግሩን አሞት የሄደ አነከሰ። የአህያዋ ደግሞ ሶመሶመች ነው፤ ጭነት ከሌላት።

ልጁ ደብተሩን ከፍቶ መጻፍ ጀመረ። ለ«ሶመሶመ» እንግሊዝኛ ሲያጣ ወደኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ይሄስ?»

«ትሮት» ልለው አሰብሁ፣ እርግጠኛ ስላልሆንሁ ግን «መሄድ» አልሁት። እማሆይ ሳቁ።

የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚል ተረት ጫፍ ላይ ደርሼ ዋጥሁት። ልጁ ወርቁን የሚፈልገው ለድምቀት አይደለም፤ ከመቶ ሦስቱ ውስጥ ለመግባት ነው። ፈተናው ላይ «ዳከረ» አይመጣም፤ «ትረጅ» ነው የሚመጣ።

ከሦስት ወር በኋላ ይመስለኛል፣ አዲስ አበባ ሆኜ እማሆይ ደወሉልኝ። የደህንነት ጥያቄው፣ የበሬው፣ የጎረቤቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ «አይጧ ጉድ ሠራችን» አሉ።

«ምን አደረገች?»

«ምን ያላደረገችው አለ! የጎታውን ሆድ ፈለፈለች፣ ገባች፣ በቆሎውን ቆረጠመች፣ ከረከመች፣ ፈረፈረች፤ የተረፈውን አቆሸሸች። ያንን ክታብም ቦጫጨቀችው።»

«የቱን ክታብ?»

«እኔ ምኑን አውቄ! ቆይ ልጁን።»

ልጁ ስልኩን ተቀበለ። ድምፁ ውስጥ ሐዘንም ሳቅም አለ።

«ጋሼ፣ ዲቫወርን ነው።»

«ምን አደረገችው?»

«ዲቫወር አደረገችው።»

«ከነትርጉሙ?»

«ከነትርጉሙ።»